ሾላ በር በተራ

ልዕልት በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ አስበልጣ የምትጠላው ሁለት መስመር ሆኖ የሚቀር ጽሑፍን ነው። «እንትን ቀበሌ በሀብሩ ወረዳ ይገኛል። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው» ይልና ዝም። በኢንተርኔቱ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ሰሜን ወሎ የተጻፈውን ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች፤ እንግዳ የማይቀበል ቀበሌ አንድም አላጋጠማትም። ሁሉም ተቀባይ ከሆነ እንግዳ ሆኖ የሚሄደው ማን ነው ብላ ኮምፒውተሯ ፊት ብቻዋን ትነጫነጫለች።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ማንም ሳይለምናት፣ ማንም ሳይከፍላት፣ እነዚህን ቁራጭ ጽሑፎች ትመዝናለች። ሥራው በወሬ ሲሰሙት ቀላል ነው። ጽሑፉን ከፍቶ ማንበብ፣ ዋቢ አለው ወይ፣ ወደ አንድ ወገን ያዳላል ወይ ብሎ መመርመር፣ ከዚያ «ጅምር»፣ «ደህና» ወይም «ጥሩ» ብሎ ደረጃ መስጠት፤ ጅምሩን ደግሞ ማወፈር። ጣጣው ማወፈሩ ላይ ነው። ስለ መርሳ ገበያ የጻፈችው አንቀጽ ውስጥ አንዱ የወንድሙን የሠርግ ፎቶ ለጥፎበታል። ስለ ሐራ ያስተካከለችውን ደግሞ ሌላው ከላይ እስከ ታች ደምስሶ «ሐራ የጀግኖች አገር» የሚል ብቻ ትቶበት ሄዷል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ተንገሽግሻ ነው ሕግ ይውጣ ያለችው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ገምጋሚዎቹን የሚያስተባብረው ትንሳኤ ሐሳቧን ወዲያው ተቀበለ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ። ዋቢ የሌለውና አንድ ወር ሙሉ ሳይናወጥ መቆም ያቃተው ጅምር ሁሉ ሰኔ ሠላሳ ላይ ይሰረዛል ተባለ። ልዕልት ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። የሰው ልጅ ገመዱን ሲያጠልቅ አንገቱ የማን እንደሆነ አያስተውልም።

ከጅምሮቹ አንዱ ሾላ በር የሚባል ነበር። ሾላ በር ከመርሳ ወጣ ብሎ ያለ የብርቱካንና የማንጎ አገር ነው፤ የእናቷ የእትዬ እልፍነሽ የትውልድ ቀዬ። እትዬ እልፍነሽ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ወልድያ ልጃቸው ቤት ነው የተኙት፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ያንን አቀበትና ቁልቁለት አይችሉትም ብሏል። ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ቀን ልጃቸው ገጹን አግኝታ ብታነብላቸው፣ ሾላ በርን የሚያህል አገር በዚያ ቀጭን ኮምፒውተር ውስጥ መግባቱን ሲሰሙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር አገሬን አንብቢልኝ ይሏታል። ታነባለች። አራት መስመር ነው፤ ለእሳቸው ግን መንገድ ነው። ልዕልት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ገጽ እንዳይሰረዝ የፈለገችው ለዚህ ነበር፤ እናቷ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ሌላ በር አልቀረም።

ታዲያ ገጹ አይቆምላት አለ። አንድ ቀን «የሾላ በርን የመስኖ ቦይ የከፈቱት ግራዝማች ደርሶ ናቸው» ይላል። ሌላ ቀን ስትከፍተው «የከፈቱት ሼህ ይመር ናቸው» ይላል። አስተካክላ፣ ሁለቱንም አውጥታ፣ ዋቢ ይፈለጋል ብላ ትጽፋለች፤ ሲነጋ የለም። የለውጡን ታሪክ አስቀርባ ብትመረምረው ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ያለ አንዳች ስድብና ያለ አንዳች ማብራሪያ ይለዋውጡታል። ተሳዳቢ ቢሆኑ ባገደቻቸው። ጨዋ አጥፊ ከየት መጣ?

መልሱን የሰጧት እናቷ ናቸው። አንድ ሰኞ ሼህ ይመር ብላ ስታነብላቸው ምንም አልመሰላቸውም። ባለፈው ደርሶ ነበር እኮ የሚለው ብላ ብትነግራቸው በመገረም አዩዋት።

«ዛሬ ሰኞ አይደል እንዴ? የነ ዓሪፍ ቀን ነዋ» አሉ።

የውሃው ተራ ነበር። የሾላ በር ቦይ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ለነ ዓሪፍ ወገን፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ለነ ደሞዜ ወገን ይፈሳል። ክርስቲያኖቹ በሰንበት ስለማያጠጡ እሑድ ለእስላሞቹ፣ እስላሞቹ በጁምዓ መስጊድ ስለሚውሉ ዓርብ ለክርስቲያኖቹ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ የተደለደለ ነው። ቅዳሜ የመበለትና የእንግዳ ነው። ልዕልት ታሪኩን መልሳ አየችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገጹ ላይ የማንም ስም የለም።

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። መዝገበ ዕውቀቱን መስኖ አድርገውታል።

በማግስቱ የመርሳ ሚኒባስ ተሳፍራ ወረደች። ደሞዜ የአጎቷ ልጅ ነው፤ መርሳ ባጃጅ ይነዳል። ዓሪፍ ደግሞ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አብሮ አደግ፣ አማቾችና ጎረቤታሞች ናቸው፤ የዓሪፍ ሚስት ሲቲ በአያቷ በኩል ከነ ደሞዜ ትወለዳለች። ተኮራርፈው ታገኛቸዋለች ብላ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አንድ ብርቱካን ለሁለት ሲበሉ አገኘቻቸው። እሷንም ለምሳ ያዟት። ንዴቷ በዚህ ባሰባት፤ የሚጣላ ሰው ቢያንስ ቆጣ ብሎ ይጠብቃል።

ነገሩን ሁለቱም እየተቀባበሉ አጫወቷት። ገጹን የከፈተው ደሞዜ ነው፤ ቅድመ አያቱን ግራዝማች ደርሶን ጻፈ። ዓሪፍ አየውና አጥፍቶ የራሱን ቅድመ አያት ሼህ ይመርን ጻፈ። ሲያጠፉና ሲጽፉ ሰነበቱና አንድ ሠርግ ላይ በሰው ፊት ጉሮሮ ለጉሮሮ ተያያዙ። ያኔ የቦዩን ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት፣ አባ ኢሳቅ፣ ሽማግሌ አስቀምጠው ፈረዱ። ገጹም እንደ ቦዩ በተራ ይሁን አሉ። ሁለቱም እጅ ተመታቱ፣ ተሳሳሙ፣ ይኸው ሰላም ነው።

ልዕልት ሁለቱንም ስሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን እናድርጋቸው አለች። በጣም ጥሩ ነው አሉ፣ ሁለቱም። ከዚያ ዓሪፍ ቀስ ብሎ ማን ይቅደም አለ። በፊደል ተራ አለች፤ ደሞዜ ፊደሉን የደረደረው ማን ሆነና ብሎ ተቃወመ። በዕድሜ አለች፤ የትኛው ቀድሞ እንደተወለደ የሚያውቅ ሰው አገሩ ላይ ጠፋ። ስም ሳንጠራ «ሁለት አባቶች» እንበል አለች፤ ስም የሌለው አባት የማን አባት ነው ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተቆጧት። ዓሪፍ ደግሞ በትሕትና፣ እህቴ እንዳትቀየሚኝ እንጂ አንቺም እኮ በእናትሽ የነ ደሞዜ ነሽ፣ ዳኝነቱ ላንቺ አይሆንም አላት። ልክ ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ወደ አባ ኢሳቅ ይዘዋት ወጡ። ሽማግሌው ቦዩ አፍ ላይ፣ መዝጊያው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠዋል። ልዕልት ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ፣ ከዚያ እንደ ክፍል ተማሪ ታስረዳቸው ጀመር። አባ ኢሳቅ፣ ውሃ ይካፈሉታል፣ እውነት ግን አይካፈሉትም፤ ሰኞ የሆነ ነገር ረቡዕም የሆነ ነው፤ መዝገበ ዕውቀት የሚባለውም የሆነውን አንዱን ብቻ ይጽፋል። ሽማግሌው እስክትጨርስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

«ልጄ፣ እውነቱን ብናውቀው ኖሮ ምን ያጣላን ነበር?» አሏት። «አላወቅነውም። የማይታወቀውን ነው በተራ ያደረግነው።»

ልዕልት ጉልበት ስማ ወረደች። ሲመሽ በሚኒባሱ ወደ ወልድያ ስትመለስ ግን መልስ ሞላት፤ ለሾፌሩ ረዳት ልትነግረው ምንም አልቀራትም። የማይታወቀውን አይታወቅም ይሏል እንጂ ይፈራረቁበታል? የእሷ ሙያ በሙሉ ይህንን ለመከልከል የቆመ አይደለም?

ግንቦት እያለቀ ነበር። ገጹ ሰኔን ሙሉ ካልቆመ መሰረዙ ነው። ልዕልት ገጽ የመቆለፍ ሥልጣን አላት፤ አንድ ሐሙስ ጠዋት ብስጭቷ ራሷ ላይ ሲወጣ ቁጭ ብላ ጽሑፉን አሳምራ ጻፈችው፣ አወፈረችው፣ ከጥናት መጻሕፍት ስለ ሀብሩ መስኖ ያገኘችውን ጨመረችበት። ስለ ቦዩም «በአገሬው ትውፊት ግራዝማች ደርሶና ሼህ ይመር እንደከፈቱት ይነገራል» አለች። ከዚያ ቆለፈችው። ደርሶን ያስቀደመችው አስባበት አልነበረም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በእናቷ አፍ የለመደችው እሱን ስለሆነ ነው። ግን ማን ያምናታል።

ደሞዜ ደውሎ መረቃት። ዓሪፍ አልደወለም።

እሑድ የነ ዓሪፍ ወገን ውሃውን እንደ ተራቸው ወሰዱ። ረቡዕ ሲነጋ ግን አልለቀቁም። ገጹ ላይ ተራ ከቀረ ቦዩም ላይ ቀርቷል፤ የተፈረደው አንድ ላይ ነው አሉ። የሰኔ ፀሐይ ደግሞ መርሳ ላይ ቀልድ አያውቅም። የነ ደሞዜ ማሳ ተሰነጠቀ፤ ጎልማሶቹ አካፋ ይዘው ቦዩ አፍ ላይ ማደር ጀመሩ። አባ ኢሳቅ በመሐል ቆመው፣ እግዜር ያሳያችሁ እያሉ፣ አንዱን ሲይዙ ሌላው እየሄደባቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ ለመኑ። ደሞዜ አሁን ሲደውል ምርቃቱ የለም። ከሚደርቁት ዛፎች መካከል የአክስቱ የእትዬ እልፍነሽ ብርቱካኖችም እንዳሉበት ነገራት፤ ሟች ባላቸው የተከሏቸው ናቸው።

እናቷ ስልኩን ሰምተውታል።

«ፍቺው» አሏት።

ልዕልት ልታስረዳቸው ሞከረች። ከፈታችው ይናወጣል፣ ከተናወጠ ይሰረዛል፣ ከተሰረዘ ሾላ በር የሚባል አገር ፈልጎ የሚያገኝ የለም። እኔ ይህን ሁሉ የምለፋው ለማን ሆነና ነው አለች።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን ብርቱካን በንባብ አይጠጣም።»

ፈታችው። ሲነጋ ግራዝማች ደርሶ ብቻቸውን ነበሩ፤ ረቡዕ ነበርና። ዓሪፍ ውሃውን ለቀቀ። ደሞዜ ከነ አካፋው ጎረምሶቹን ይዞ ወረደ። እሷ የጨመረችው ሁሉ፣ አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ የዝናቡ መጠን፣ ከተራ ውጭ የገባ ነው ተብሎ ተጠርጎ ወጥቷል። አራት መስመር ይዛ ጀምራ አራት መስመር ይዛ ቀረች።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። የሀብሩ ጅምሮች አንድ በአንድ ተመዘኑ፤ አብዛኞቹ አለፉ። ሾላ በር ላይ ስትደርስ ለትንሳኤ ደወለችለት። ሕጉ ያንቺ ነው፣ ወረዳውም ያንቺ ነው፣ የመሰለሽን አድርጊ አላት፤ እንዲህ ያለ ደግነት ከስድብ ይብሳል። ለሌላው መንደር ያልራራች ለእናቷ መንደር ብትራራ ራሷን አታምነውም። «ዋቢ የለውም፤ አይጸናም፤ ይሰረዝ» ብላ ጻፈችና ሰረዘችው። ኮምፒውተሩን ዘግታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እናቷ አንብቢልኝ ሲሏት ኔትወርክ የለም አለቻቸው። ወልድያ ውስጥ ይህንን ውሸት የሚጠራጠር ሰው የለም።

ውሸቱ ሳምንት ቆየላት። ሐምሌ በገባ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ አባርቶ ባጃጆች ኩሬውን እየረጩ ሲያልፉ፣ ደጇ ላይ አንድ ባጃጅ ቆመና ደሞዜ፣ ዓሪፍና አባ ኢሳቅ ከነ አንድ ጆንያ ማንጎ ወረዱ። ከመርሳ በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቀው መምጣታቸው ነው። እናቷ ክፍል ገቡ፤ እንዴት ሰነበቱ፣ አብሽሩ፣ አላህ ያሽርዎ፣ እግዜር ይማርዎ ተባለ፤ ማንጎው ተላጠ። ከዚያ አባ ኢሳቅ ከዘራቸውን መሬት ላይ አቁመው አንድ ነገር አጥፍታለች የተባለች ልጅ አለች፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው አሉ። ልዕልት አጥፊዋ እሷ መሆኗ የገባት ሁሉም ዞረው ሲያዩዋት ነው።

ገጹ ጠፍቷል። እናቷ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን አዩዋት፤ ከዚያች ዓይን ስድብ ይሻላት ነበር። ደሞዜና ዓሪፍ ግን ተቀባብለው ወቀሷት። የኛ ጠብ የኛ ነው፣ አንቺን ማን ጠራሽ፤ ስንጣላበት የነበረ ነገር ቢያንስ ነበር፣ አሁን ግን ምን ላይ እንጣላ፤ ልጆቻችን ሾላ በር ብለው ሲፈልጉ የለም ይላቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለች ልዕልት በሆዷ፤ በአፏ ግን ሕጉን ደገመችላቸው። ሁላችሁም የተስማማችሁበት፣ ዋቢ ያለው፣ ሰኞም ረቡዕም የማይለወጥ ነገር ጻፉ፤ ያኔ አልነካውም። እንደማይችሉ አውቃ ነው ያለችው።

ሦስቱ ተነሥተው በረንዳው ላይ ወጡ። ሲንሾካሾኩ ይሰማል፤ አንዴ ሳቅ ይሰማል። ሲመለሱ ዓሪፍ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ ደሞዜ በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ይከታተላል። አባ ኢሳቅ ማንጎ ይበላሉ። ሲጨርሱ ክፈቺው አሏት። ከፈተችው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው አሏት እናቷ።

«ሾላ በር በሀብሩ ወረዳ ከመርሳ አጠገብ የሚገኝ የብርቱካንና የማንጎ አገር ነው። የመስኖ ቦዩን ማን እንደከፈተው አገሬው አንድ ቃል የለውም። የሾላ በርን ገጽ ሰኔ ሠላሳ ቀን ያጠፋችው ግን የእልፍነሽ ልጅ ልዕልት መሆኗን የሚክድ የለም።»

ልዕልት ይህ መዝገበ ዕውቀት ነው እንጂ የመንደር ክስ አይደለም አለች። ጮኸች ማለት ይቀላል። ደሞዜ ውሸት አለበት ወይ ብሎ ጠየቃት። ዓሪፍ ወላሂ ሁላችንም የተስማማንበት ያንን ብቻ ነው አላት። እዚያው ፊታቸው ለትንሳኤ ደወለች፤ ያው ይቺን ሦስተኛዋን መስመር አውጥቼ ሁለቱን ልተው ነው ብላ። ትንሳኤ ገጹን ከፍቶ አነበበ፤ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል በስልኩ ይሰማል። ዋቢ ያላት ያቺው መስመር ብቻ ናት አላት፤ የመሰረዙ መዝገብ በስምሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሞም ስለራሱ የተጻፈን ነገር ማንም ገምጋሚ አይነካም። ስልኩን ዘጋችበት።

ሐምሌ አለቀ። ልዕልት በየቀኑ ትከፍተዋለች፤ ተስፋዋ አንዱ ከዳተኛ ተነሥቶ የቅድመ አያቱን ስም እንዲያስገባ ነበር። እሑድ እንዳለ ነው። ረቡዕ እንዳለ ነው። ወሩ ሲሞላ ትንሳኤ ራሱ መዝኖ «ጥሩ» አለው። ለሁለት ዓመት በሀብሩ ጽሑፎች ላይ ዓይኗን አጥፍታ ያላገኘችው ደረጃ ነው።

ያን ዕለት ከሥራ ስትገባ እናቷ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቋት። አነበበችላቸው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቶሎ ልታልፈው አለች።

«እዚያ ጋ ቀስ በይ» አሉ። «የእልፍነሽ ልጅ ይላል?»

«ይላል።»

«ነገስ?»

«ነገም ይላል፣ እማ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም።»

እትዬ እልፍነሽ ጋደም አሉ። በዚያ አገር ገጽ ላይ ከአገሬው ሰው ስማቸው በተራ ሳይሆን በቋሚነት የገባ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያስገባቻቸውም ልጃቸው ናት። አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አሏት፣ ከላይ ጀምረሽ። ልዕልት በረጅሙ ተነፈሰችና ገጹን ያጠፋችው ማን እንደሆነች ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፣ ደግማ አነበበችላቸው።